ጥያቄው ይቅደም፦ ከሸጎሌ ተነሥቶ በሳይኮሎጂ ለሦስተኛ ዲግሪ ማመልከት

በሳይኮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪ ለመማር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ምን ሰነድ ያስፈልጋል?» ብሎ ነው። ትራንስክሪፕቱን፣ የድጋፍ ደብዳቤውንና የፈተና ውጤቱን ለማሟላት ወራት ይደክማል፤ የምርምር ሐሳቡን ግን ማመልከቻው ሊዘጋ ሲል በአንድ ሌሊት ይጽፈዋል። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱ ኮሚቴው በዋናነት የሚያየው ትምህርቱን ለመከታተል ያለዎትን ብቃት ነው። ለዶክትሬት ሲያመለክቱ ግን ዓመታት ሊለፋበት የሚገባ ጥያቄ መያዝዎንና ያንን ጥያቄ እስከ ዳር የማድረስ አቅምዎን ይመዝናል። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ጥያቄው ይቀድማል፣ አማካሪው ይከተላል፣ ሰነዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጽሑፉ የታሰበው በሸጎሌና በጉለሌ አካባቢ ለሚኖሩ፣ በሳይኮሎጂ ወይም በተቀራራቢ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ ለያዙ መምህራን፣ የትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያዎች፣ የሆስፒታልና የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኞች ነው። ሌላ ቦታ የሚኖር አንባቢም የሰፈሩን ስም ተክቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. የትኛውን ዶክትሬት እንደሚፈልጉ ይለዩ

«የሳይኮሎጂ ዶክትሬት» የሚለው ስም ብዙ ነገር ይሸፍናል። የዕድገት፣ የማኅበራዊና የትምህርት ሳይኮሎጂ በዋናነት ወደ ምርምርና ወደ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ይወስዳሉ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ግን ከምርምሩ ጋር ሕሙማንን የማከም ሥልጠና አለበት። በአሜሪካ ይህ ሥልጠና ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ምርምርን ከሕክምና ጋር አጣምሮ የሚሄደው ፒኤችዲ ነው፤ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1949 በቦልደር ከተማ የተካሄደው ጉባኤ ነው። ሁለተኛው ወደ ሕክምናው የሚያደላው ሳይዲ ሲሆን፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1968 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ፒኤችዲው ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ክፍያ ነፃ ከመሆን ጋር የኑሮ ድጎማ ይሰጣል። ሳይዲ አብዛኛውን ጊዜ ከፍለው የሚማሩት ነው። ገንዘብ ሳይኖርዎት በስም ተመሳሳይነት ብቻ ለሳይዲ ማመልከት ከንቱ ድካም ይሆንብዎታል።

በአገራችን ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንኳ ሁለት በሮች አሉ። አንዱ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ትምህርት ቤት ነው። ሌላው በዚያው ዩኒቨርሲቲ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ያለው የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል ሲሆን፣ በአእምሮ ጤና ኤፒዲሚዮሎጂ ዶክትሬት ይሰጣል። ጥያቄዎ የሕመም ሥርጭትንና የጤና አገልግሎትን የሚመለከት ከሆነ ሁለተኛውን በር ማንኳኳት ሊሻልዎት ይችላል። ከማመልከትዎ በፊት ግን ከሁለተኛ ዲግሪዎ መስክ ተመራቂዎችን ይቀበሉ እንደሆነ ያረጋግጡ።

2. ጥያቄዎን ከሚያውቁት ቦታ ያውጡ

ለዶክትሬት የሚሆን ጥያቄ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሸጎሌ የከተማ አውቶቡስ ዴፖ አለ። ብዙም ሳይርቅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ፤ ከየክልሉ ሕሙማንን ይዘው የመጡ አስታማሚዎች ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት የሚቆዩበት ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ ብቅ ቢሉ ሽመናን ከአባታቸው ጎን ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች ያገኛሉ። ከእንጦጦ ቁልቁል የማገዶ ሸክም የሚያወርዱ እናቶችን የማያውቅ የጉለሌ ሰው የለም። እያንዳንዳቸው የጥያቄ ምንጭ ናቸው። እርስዎም እነዚህን ሰዎች በቅርብ ማወቅዎ ከውጭ የሚመጣ ተመራማሪ የሌለው ጥቅም ይሰጥዎታል።

አንዱን ወስደን ጥያቄ እንዴት እንደሚጠብ እንመልከት።

«የአእምሮ ጤና በአዲስ አበባ» መስክ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም። «የአውቶቡስ ሾፌሮች ጭንቀት» ቢሉ ስለ ማን እንደሚያጠኑ ታወቀ፤ ስለ እነሱ ምን ማወቅ እንደሚፈልጉ ግን ገና አልታወቀም። «ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚጀምሩ ሾፌሮች እንቅልፍ ማጣታቸው በመሪ ላይ ካላቸው ትኩረት ጋር ምን ያህል ይያያዛል? ረፈድ ሲል ከሚገቡትስ በምን ይለያሉ?» ሲሉ ግን የሚለካ ነገር አገኙ። በዚህ ላይ «የፈረቃው ድልድል ቢቀየር ትኩረታቸው ይሻሻላል?» የሚለውን ሲጨምሩ አንድ ሙሉ የዶክትሬት ሥራ ይወጣዋል፦ በመጀመሪያ ሾፌሮቹን በጥልቀት ማነጋገር፣ ቀጥሎ ብዙ ሾፌሮችን በመጠይቅና በትኩረት መለኪያ ማጥናት፣ በመጨረሻም የተሻለውን ድልድል መሞከር። ሦስቱ ጥናቶች አንዱ ለሌላው መሠረት ይሆናሉ።

ጥያቄዎን በሦስት ነገር ይፈትኑት። አንደኛ፣ ሊለካ ወይም በሥርዓት ሊመረመር ይችላል? ሁለተኛ፣ መረጃው ይገኛል? የትብብር ደብዳቤ የሚሰጠው ማን ነው? ሰዎቹ ሊያነጋግሩኝ ፈቃደኛ ይሆናሉ? ሦስተኛ፣ መልሱ ሲገኝ ለማን ይጠቅማል? ለሦስቱም በሁለት በሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ መስጠት ካልቻሉ ጥያቄው ገና አልበሰለም።

3. የተሠራውን ሥራ ያንብቡ

«በዚህ ርዕስ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት የለም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትክክል አይሆንም። ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ራሱ ያንን ጥናት የሠራው ሊሆን ይችላል።

አንድ ምሳሌ እነሆ። የድብርት ምልክቶችን ለመለየት በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9፣ በኢትዮጵያ ምን ያህል እንደሚያገለግል የመረመረ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ጥናቱ የተካሄደው እዚሁ ጉለሌ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ነው። የሸጎሌ ነዋሪ ሆነው ስለ ድብርት የምርምር ሐሳብ እየጻፉ ይህንን አለማወቅ ያሳፍራል፤ ማወቅ ደግሞ ማመልከቻዎን ከሌሎች ይለየዋል።

በቡታጅራ የተሠሩትንም ማንበብ ይጠቅማል። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የተጀመረው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ላይ ነው። በዚያው አካባቢ በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ በተደረገ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀዋል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም እ.ኤ.አ. በ1997 በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የሠሩት በገጠር ኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ላይ ሲሆን፣ መረጃቸውን የሰበሰቡት ከቡታጅራ ነበር። ጥያቄውና መረጃው ከአገር ቤት፣ ሥልጠናው ከውጭ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ናቸው። በስድስት ኪሎ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትም አለ። ካነበቡት ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አራት ነገር ብቻ በደብተር ይያዙ፦ ምን ጠየቀ፣ እነማንን አጠና፣ በምን ለካ፣ ምን ሳይመልስ ቀረ። ሃያ ያህል ጽሑፍ በዚህ መልክ ካነበቡ በኋላ የእርስዎ ጥያቄ የት ላይ እንደሚገባ ራስዎ ያዩታል።

4. አማካሪ ይፈልጉ

በአብዛኛው ዓለም የዶክትሬት ተማሪን የሚቀበለው ከዩኒቨርሲቲው በፊት አንድ ሰው ነው። በጀርመን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ «እሺ» ይላል፣ ምዝገባው ይከተላል። በአሜሪካ በክሊኒካል ሳይኮሎጂ አንድ መምህር በዓመት አንድ ወይም ሁለት ተማሪ ብቻ ሊወስድ ይችላል፤ በአንዳንድ ዓመት ጭራሽ አይወስድም። ይህንን ሳይጠይቁ ለማመልከቻ ክፍያ ማውጣት ገንዘብ መበተን ነው።

ደብዳቤዎ አጭር ይሁን። ይዘቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ባለሙያ ነኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በተማሪዎች የፈተና ጭንቀት ላይ ነበር። በፈረቃ ሠራተኞች እንቅልፍ ላይ ያሳተሙትን ጥናት አንብቤ፣ የሥራ መግቢያ ሰዓት በየሳምንቱ በሚለዋወጥበት ቦታ ግኝቱ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ። ይህንኑ በአዲስ አበባ የአውቶቡስ ሾፌሮች ላይ ማጥናት እሻለሁ። በሚመጣው የትምህርት ዘመን አዲስ ተማሪ ይቀበላሉ? የአንድ ገጽ ሐሳቤን አያይዣለሁ።»

ይህ ደብዳቤ ውዳሴ የለበትም፣ የሕይወት ታሪክ አይተርክም። ማንነትን፣ የተነበበውን ሥራ፣ ጥያቄውንና የሚፈለገውን መልስ በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። አንድ ደብዳቤ ጽፎ ለሃምሳ ሰው መበተን አይሠራም፤ ተቀባዩ ገና ሲከፍተው ያውቀዋል። በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንዴ ያስታውሱ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ለአገር ውስጥም ቢሆን ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ ዋጋ አለው። በትምህርት ክፍሉ ማን በምን ላይ እንደሚሠራ ይጠይቁ፤ ክፍት የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ካለ ገብተው ያዳምጡ። መምህራኑ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚያነሡ በጆሮዎ ሲሰሙ የራስዎን ሐሳብ ድክመት ቀድመው ያውቃሉ።

5. የየአገሩን ደንብ ይወቁ

አገር ውስጥ፦ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ በተለምዶ ጋት የሚባለውን፣ ማለፍ ያስፈልጋል። ፈተናው የቋንቋ፣ የቁጥርና የትንተና ችሎታን ይመዝናል። ሒሳብ ከተውኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ የሚሉ ከሆነ የመቶኛን፣ የሬሾንና የግራፍ ንባብን ከአሁኑ ይከልሱ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ራስ ገዝ እንዲሆን ተወስኗል፤ ስለዚህ ከዓመታት በፊት የተማረ ወዳጅዎ የነገረዎትን ሳይሆን የዘንድሮውን የቅበላና የክፍያ ማስታወቂያ ያንብቡ። መሥሪያ ቤትዎ ስፖንሰር የሚያደርግዎት ከሆነ ደብዳቤውን አስቀድመው ያስጽፉ፤ ተመርቀው ስንት ዓመት እንደሚያገለግሉ የሚወስነውን ውልም አንብበው ይፈርሙ።

አሜሪካ፦ በመጀመሪያ ዲግሪ ጭምር ወደ ፒኤችዲ መግባት ይቻላል፤ የሚወስደው ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ነው። ብዙ ትምህርት ክፍሎች ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ግዴታ ማድረግ ትተዋል፤ የሚያመለክቱበት ትምህርት ክፍል ካልጠየቀ ገንዘብዎን አያውጡበት።

ስዊድን፦ የዶክትሬት ቦታ እንደ ሥራ ቅጥር ይወጣል። ተማሪው ደመወዝ ያገኛል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ ጊዜው የአራት ዓመት ሙሉ ጥናት ነው። ስለዚህ የሚከታተሉት የቅበላ ማስታወቂያን ሳይሆን የዩኒቨርሲቲዎቹን ክፍት የሥራ ቦታ ገጽ ነው።

እንግሊዝ፦ የምርምር ዶክትሬት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጃል፤ ሲያመለክቱ የምርምር ሐሳብ ይጠየቃሉ።

ደቡብ አፍሪካ፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥራቸውን ሳይለቁ በዩኒሳ ዩኒቨርሲቲ የርቀት ትምህርት ዶክትሬታቸውን ሠርተዋል። ቤተሰብ ጥሎ መሄድ ለማይችል ሰው ይህ መንገድ ሊታሰብበት ይገባል።

6. ሰነዶችዎን ያስተካክሉ

እዚህ ላይ ነገሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቢያንስ ስድስት ወር ቀድመው ይጀምሩ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በመጀመሪያ የወጪ መጋራት ዕዳዎን ያጣሩ። ኮስት ሼሪንግ ካልተከፈለ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ማውጣት አይቻልም። ክፍያውን ከጨረሱ በኋላ የማጠናቀቂያ ማስረጃውን ይዘው ወደ ሬጅስትራር ይሂዱ። የውጭ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕቱን በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ከሬጅስትራር ሊጠይቅ ይችላል፤ በእጅዎ ያለው የተማሪ ቅጂ በቂ የሚሆነው ለመጀመሪያው ማመልከቻ ብቻ ነው። በግል ኮሌጅ ወይም በውጭ አገር የተማሩ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ማረጋገጫ ያስቡበት።

ስምዎን በሁሉም ሰነድ ላይ ያስተያዩ። «ሐና» የሚለው ስም ትራንስክሪፕቱ ላይ በአንድ «ኤን»፣ ፓስፖርቱ ላይ በሁለት «ኤን» ተጽፎ ከሆነ ኋላ ቪዛ ላይ ያንገላታል። በፓስፖርቱ መሠረት ያስተካክሉ፤ ማስተካከል ካልተቻለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ያውጡ። ቀኑንም እንዲሁ ይመልከቱ፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የምረቃ ዓመት ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀድመው የተመረቁ ያስመስልዎታል። በሲቪዎ ላይ ሁሉንም ቀን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይለውጡ።

7. የድጋፍ ደብዳቤ ከሚያውቅዎት ሰው ያስጽፉ

ሥልጣን ካለው ይልቅ ሥራዎን ያየ ሰው ይሻላል። ሁለተኛ ዲግሪዎን ያማከረ መምህር አንደኛ ምርጫዎ ይሁን። ለደብዳቤ ጸሐፊው ቢያንስ አንድ ወር ይስጡ፤ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ማጠቃለያ፣ የአሁኑን የምርምር ሐሳብዎንና የሚያመለክቱባቸውን ቦታዎች ከመዝጊያ ቀናቸው ጋር በአንድ ገጽ ያቅርቡለት። «አንተው ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ» የሚል መምህር ቢገጥምዎት በትሕትና ይህንኑ ገጽ ይስጡትና እሱ ራሱ እንዲጽፍ ይለምኑት። ሦስት ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ እንደተጻፈ ኮሚቴው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ሁሉ ይጠረጠራል። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የደብዳቤ ጸሐፊውን የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ስለሚፈልጉ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

8. የግል መግለጫዎ ስለ ሥራዎ ይናገር

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የሳይኮሎጂ ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢዎችን አመልካችን የሚጥለው ምን እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ከመልሶቹ መካከል ጎላ ብለው የወጡት ጎጂ የግል መግለጫ፣ አመልካቹን የማያውቅ ሰው የጻፈው የድጋፍ ደብዳቤ፣ ስለ ፕሮግራሙ አለማወቅ፣ ደካማ የጽሑፍ ችሎታና ከልክ ያለፈ ራስን የማሳየት ጥረት ናቸው።

እኛ ዘንድ በጣም የተለመደው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወድ ነበር» ብሎ መጀመር ነው። ሐሳቡ ቅን ቢሆንም ሺህ አመልካች የሚለው ነው። የራስን ወይም የቤተሰብን የአእምሮ ሕመም በዝርዝር መተረክም ብዙ ኮሚቴዎችን ያሳስባል፤ ለጥያቄዎ መነሻ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥቀሱና ወደ ሥራው ይለፉ። መግለጫው አራት ነገር ይመልስ፦ ምን ሠራሁ? ከሠራሁት ምን ተማርኩ? ቀጥሎ ምን መጠየቅ እፈልጋለሁ? ለምን እዚህ፣ ከማን ጋር? በትምህርት ቤት ሠርተው ከሆነ ምን ዓይነት ችግር ይዘው የመጡ ተማሪዎችን እንዳገኙ፣ ምን እንደሞከሩና ምን እንደከሸፈ ይጻፉ። የተማሪ ስም ግን በፍጹም አይጥቀሱ።

9. ቀንና ሰዓት እንዳያታልልዎት

ብዙ የአሜሪካ የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ፕሮግራሞች የሚዘጉት ዲሴምበር 1 ቀን ነው፤ በእኛ ኅዳር 22 ይውላል፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ደግሞ ኅዳር 21። ማመልከቻው በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ሲዘጋ እኛ ዘንድ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። በዚህ ትርፍ ሰዓት አይመኩ። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆረጣል፤ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ይላኩ።

ቃለ መጠይቅ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይደረጋል። በጃንዋሪ ወር በኒውዮርክ ከጠዋቱ አሥር ሰዓት ሲሉዎት እኛ ዘንድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። በቃለ መጠይቁ ሁለት ጥያቄ አይቀርም፦ «ጥናትህ ባሰብከው መንገድ ባይሄድ ምን ታደርጋለህ?» እና «ስለ እኛ የምትጠይቀው አለ?» ለሁለቱም አስቀድመው ይዘጋጁ። በገንዘብ ድጋፍ ከተቀበሉዎት፣ በዚህ ጉዳይ በጋራ የተስማሙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ የመወሰኛ ጊዜ ይሰጣሉ። ከዚያ በፊት ቢያጣድፉዎት አይደናገጡ።

10. ገንዘብዎን ይጠብቁ

የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ነፃ የሚያደርጉበት ደንብ እንዳላቸው በኢሜይል ይጠይቁ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው። ከሃያ ቦታ ይልቅ በደንብ ያጠኗቸው ስድስት ቦታዎች ይበቃሉ። «ስኮላርሺፕ አስገባልሃለሁ» የሚል ደላላ ገንዘብ ቢጠይቅ እምቢ ይበሉ፤ እውነተኛ ስኮላርሺፕ በደላላ አይሰጥም። የምርምር ሐሳብ ጽፎ የሚሸጥ ሰውም ቢመጣ ያርቁት። በቃለ መጠይቁ ላይ ጥያቄውን የሚመልሱት እርስዎ ነዎት፤ ያልጻፉትን ማስረዳት አይችሉም። ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ምንም ግምገማ በሳምንት ውስጥ ጽሑፍ የሚያሳትም መጽሔትም ስምዎን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምዎትም።

ዘንድሮ ባይሳካ ኮሚቴውን በትሕትና አስተያየት ይጠይቁ፣ የምርምር ሐሳብዎን ያሻሽሉ፣ በዚያው ርዕስ አንድ ትንሽ ጥናት ሠርተው በሚመጣው ዓመት ይመለሱ። አንድ ዓመት የበሰለ ጥያቄ ካልበሰለው ይበልጣል።

አገራችን ብዙ የሳይኮሎጂ ተመራማሪ ያስፈልጋታል። የሾፌሩን እንቅልፍ፣ የአስታማሚዋን ድካም፣ የሸማኔውን ልጅ ትምህርት እዚሁ አድጎ የሚያውቅ ሰው ካልጠየቀው የሚጠይቀው አይገኝም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ያድርጉ፦ ወረቀት ያውጡና ለዓመታት ሊለፉበት የሚፈቅዱትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ሬጅስትራር የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።